ረቡዕና ዓርብ የሚደክመው ጣሊያን

ሁለት ወር ሙሉ ስዊድናዊት ሆኜ ኖሬያለሁ። ስሜ ኢንግሪድ ነበር። ቢጫ ጸጉር፣ ሰማያዊ መነጽር፣ ቀጭን ረጅም እግር ነበረኝ። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ከቡይት ራስ ንቅንቅ ሳልል ነው። ውሸታም ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ መብታችሁ ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ በሉኝ።

እውነተኛው ስሜ የሺ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደባርቅ ሲሆን ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከደባርቅ በላይ፣ ስሜን ተራሮች ላይ፣ ቡይት ራስ ካሉት ሎጆች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ግን ብስክሌተኛ ነበርኩ፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ለአካባቢያችን ቡድን ተመልምዬ አራት ወር ሠልጥኛለሁ። ከዚያ አሰልጣኛችን ጋሽ ደምሌ ስሜን ከዝርዝሩ ሰረዙት። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣

«የሺዬ፣ እግር አለሽ፤ ዓይን ግን የለሽም» አሉኝ። «አንገትሽን ደፍተሽ እንደ እርሻ በሬ ትጎትቻለሽ። ሌላው ጀርባሽ ተጠልሎ ይመጣና መጨረሻው ላይ ጥሎሽ ይሄዳል። ውድድር መንገድ ማየት አይደለም፣ ሰው ማየት ነው።»

አንድ ሳምንት አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ የጋሽ ደምሌ ስም ሲነሣ ወሬ የምቀይር ሰው ሆንኩ። ብስክሌቷም የቡድኑ ስለነበረች አስረከብኩ፤ የእኔ ነገር በዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ከፍታ ላይ ሊለማመድ የመጣ አንድ ፈረንጅ እኛ ሎጅ ሦስት ወር ተቀመጠ። ሲሄድ አሮጌ ብስክሌቱንና የሚለማመድበትን ማሽን ትቶልን ሄደ። ማሽኑን ለማታውቁት ላስረዳ። የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ተፈትቶ ሰንሰለቱ ማሽኑ ላይ ይታሰራል። ማሽኑ በኢንተርኔት ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። አንቺ ዕቃ ቤት ውስጥ ሆነሽ ትረግጫለሽ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው አሻንጉሊትሽ ደግሞ ከመላው ዓለም ሰው ጋር ዳገት ትወጣለች። ዳገት ሲመጣ ማሽኑ ይከብዳል፤ ቁልቁለት ሲመጣ ይቀላል። ነፋስ የለም፤ ፕሮግራሙ ግን ነፋስ እንዳለ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ከሰው ጀርባ የተጠለለ ጉልበት ይቆጥባል። ልክ እንደ መንገዱ ማለት ነው። ብስክሌቱ ግን አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ስለነበር መንገድ ለመንገድ አይነዳም፤ እዚያው ታስሮ ከመኖር ሌላ ዕጣ አልነበረውም።

ስመዘገብ የራሴን ስምና ባንዲራ ለማሳየት ድፍረት አጣሁ። አዘጋጆቹ እውነተኛ ስሜን ያውቁታል፤ ሌላው ተወዳዳሪ የሚያየው ግን የመረጥሽውን ስም ነው። እኔም ኢንግሪድ ብዬ የስዊድንን ባንዲራ ለጠፍኩ። ብሸነፍም የምትሸነፈው ስዊድን ናት ብዬ።

የገና በዓል እንዳለፈ የፈረንጅ ብስክሌተኞች ማኅበር ስድስት እሁድ የሚፈጅ የዳገት ውድድር አዘጋጀ። ወንድ ሴት አይልም፤ ሰው የሚመደበው በጉልበቱ ነው። ከየምድቡ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ሰው እውነተኛ የውድድር ብስክሌት እቤቱ ድረስ ይላክለታል። ያን ሰሞን ደግሞ አንድ ክለብ ጎንደር ላይ ሴት ብስክሌተኞችን ሊፈትን እንደሆነ ሰማሁ። መስፈርቱ አንድ ነበር፤ የራሷን የውድድር ብስክሌት ይዛ ያልመጣች አትፈተንም። እኔ ያለኝ አንገቱ የተሰነጠቀ እስረኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። ያችን ብስክሌት ካላገኘሁ ዕድሜዬን ሙሉ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ፓስፖርታችሁን» እያልኩ ልኖር ነው።

ችግሩ ሉካ ነበር።

ሉካ ጣሊያን ነው፤ ባንዲራው እንደዚያ ይላል። ፀጉሩን ወደ ኋላ ያስተኛ፣ ቀይ ማልያ የለበሰ ቀብራራ። ውድድሩን ሙሉ የት እንዳለ አታውቂውም። ከሰው ጀርባ ተደብቆ አንድም ቀን ነፋስ ሳይመታው ይመጣል። በየስሙ አጠገብ ሰውየው ያን ሰዓት የሚያወጣውን ጉልበት የሚያሳይ ቁጥር አለ። የሉካ ቁጥር ቁልቁለት ላይ ዜሮ ነው። ሜዳ ላይ የሁላችንም ግማሽ ነው። መጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ ግን አንዴ ብድግ ብሎ ሰባት ስምንት ሰከንድ ያህል ያስደነግጠናል፤ ይተወዋል። እንደገና ብድግ ይላል፤ ይተወዋል። ከዚያ በፕሮግራሙ በኩል ስልኬ ላይ መልእክት ትመጣለች፤ «ሃይ ኢንግሪድ፣ ሃው አር ዩ?»

እኔ ደግሞ የእናቴ ልጅ ነኝ። ሰው ሰላም ሲለኝ ዝም አልልም። አንድ እጄን ከመሪው አንሥቼ «ፋይን፣ ታንክ ዩ፣ ኤንድ ዩ?» ብዬ ስጽፍ፣ ሉካ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሥቶ ሄዷል። ቀና ስል ጀርባውን ነው የማየው። ሞኝነቴ ደግሞ፣ ይህ የሆነው አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ሦስት እሁድ ነው።

«እስቲ ይህን ጣሊያን አሳይኝ» አለኝ ማሩ። ማሩ የሎጁ ምግብ አብሳይና የእኔ ምስጢረኛ ነው። ከግልቢያ ስወርድ በሶ በጥብጦ የሚጠብቀኝ እሱ ነው። የሉካን የዕለት ተዕለት ልምምድ ዝርዝር ከፍቼ ሰጠሁት። ፕሮግራሙ የሁሉንም ሰው ያሳያል። ማሩ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ዝርዝሩን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያመላልሰው ቆየ።

«የሺ፣ ይኼ ሰውዬ ይጾማል።»

«ምን?»

«ማክሰኞ ብርቱ ነው። ረቡዕ ይወድቃል። ሐሙስ ይነሣል። ዓርብ መልሶ ይወድቃል። የሚጋልበው ሁሌ በስምንት ሰዓት ነው፤ ገና እህል ሳይቀምስ ማለት ነው። እኔ ወጥ ቤት ስንት ዓመት ቆሜያለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ ከቀትር በኋላ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ምን እንደሆነ አይጠፋኝም።»

ሳቅሁበት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ሲነጋ ተነሥቼ የራሴን ዝርዝር ከሉካ ዝርዝር ጎን አስቀመጥኩት። በሁለተኛው እሁድ ውድድር መሐል መብራት ሄዶብኝ አቋርጬ ነበር፤ አሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ። ሉካም በዚያው ዕለት አቋርጧል፤ እሱም አሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ። የጥምቀት ሰሞን እሁድ እኔ ታቦት ሸኚ ስለነበርኩ አልተወዳደርኩም። ሉካም የለም። በአሥር ቀን ውስጥ መብራት አራት ጊዜ ሄዷል፤ ሉካ አራቱንም ጊዜ ድራሹ ጠፍቷል።

መብራታችን ከጎንደር በዳባት አድርጎ ነው ደባርቅ የሚደርሰው። እንግዲህ የጣሊያን መብራት በዳባት በኩል ያልፋል ማለት ነው።

በሶውን ይዤ እንደቆምኩ አንድ ድምፅ ከአምስት ዓመት በፊት መጣልኝ። «ሁለቴ አስፈራሩ፤ በሦስተኛው ሂዱ። የመጀመሪያውን ሁሉም ያምናል፣ ሁለተኛውን ግማሹ ያምናል፣ ሦስተኛውን ማንም አያምንም።» ጋሽ ደምሌ ዳባት መውጫ ላይ ፊሽካቸውን አንጠልጥለው በየቀኑ ይህንን ነበር የሚሰብኩን።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሉካን አንተ ማለት አቃተኝ።

ሉካ መጨረሻውን ቢወስዱም እኔ ፊት ሆኜ ስጎትት በየመሐሉ ዳገት አናት ያለውን ነጥብ እለቅም ስለነበር፣ አምስተኛው እሁድ ሲያልፍ ነጥባችን እኩል ሆነ፤ ሌሎቹ ርቀው ቀርተዋል። ስድስተኛው እሁድ ነጥብ ያለው መጨረሻው ላይ ብቻ ስለነበር፣ ከሁለታችን ቀድሞ የገባ ብስክሌቷን ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት ማሩን፣ «ዳባት ልሄድ ነው» አልኩት።

«ምን ልትሠሪ?»

«የድሮ አሰልጣኜን ልጠይቅ።»

«በአምስት ዓመትሽ?»

«ናፈቁኛ።»

ማሩ አንድ ጠርሙስ ማር አስያዘኝ። ባዶ እጅ ሰላይ ያስነቃል ማለቱ ነበር።

ዳባት ስደርስ አራት ሰዓት አልፏል። የጋሽ ደምሌ ባለቤት እትዬ ዘውዴ በሩን ከፈቱልኝ። አገላብጠው ሳሙኝ፤ እናቴን፣ ወንድሜን፣ የሞተችውን ላማችንን ሳይቀር በስም እየጠሩ ጠየቁኝ። ስለ አንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላውን ይጠይቃሉ። መጨረሻ ላይ፣

«ደምሌ የለም» አሉኝ። «መንገድ ላይ ነው። ሩብ ሰዓት ጠብቂው።»

ከጓዳው በኩል እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል። እትዬ ዘውዴ ዓይኔን አዩና ሳቁ።

«አይ፣ እዚያ ነው እንግዲህ መንገዱ። ጉልበቱን አሞት ሐኪም ከብስክሌት ከለከለው። መንገድ ላይ ብወድቅ ነው እንጂ ቤት ውስጥ ምን አለበት ብሎ ልጃችንን ቢያስጨንቃት፣ ከምትኖርበት አገር ያን ዕቃ ላከችለት። ይኸው ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፤ ከጓዳ አይወጣም። አንዳንዴ መነጽሬን አድርጌ ከጀርባው ቆሜ አያለሁ። ፈረንጆቹ ሲያልፉት ስድብ ይሳደባል። አንድ ቀን አንዷ ፈረንጅ ሰላም ብላው ዝም ሊላት ሲል፣ ተው፣ የሰው ልጅ ሰላም ብሎህ እንዴት ዝም ትላለህ ብዬ በግድ አስመለስኩት።»

ይህቺን ነገር ቀስ ብዬ ጠቅልዬ ልቤ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ጋሽ ደምሌ ላባቸውን በፎጣ እየጠረጉ ወጡ። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ወደ ኋላ የሚያስተኙት ነገር ብዙ አልቀረም። ሲያዩኝ ለአንድ አፍታ ቆም አሉ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ።

«የሺዬ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ናፍቀውኝ ነው ጋሼ። እንደምን ከረሙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ብስክሌቱን ተውሽው አሉ?»

«ተውኩት። ሎጅ ነው የምሠራው። እርስዎስ?»

«እኔማ አረጀሁ። አልፎ አልፎ ጓዳ ውስጥ ጉልበቴን አፍታታለሁ።»

ምሳ ቀረበ። ቅዳሜ ስለሆነ ቀይ ወጥ አለ፤ ጥብስ አለ፤ አይብ አለ። እኔ የመጣሁት ለወሬ ብቻ አልነበረም። በነጋታው የሚወዳደር ሰው ሆዱ ከከበደ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ገና ሳንጀምር አንዱን ጥቅልል ጉርሻ አዘጋጅቼ ብድግ አልኩ።

«በሞቴ ጋሼ።»

ጎረሱ። ወዲያው እሳቸው ደግሞ የእኔን ሁለት የሚያህል ጠቅልለው «በሞቴ የሺዬ» አሉኝ። ጎረስኩ። አንድ ያጣላል ብዬ ደገምኳቸው። እሳቸውም አንድ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። ሦስተኛውን ስሰጣቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ የእሳቸውን ሦስተኛ ስቀበል የእኔም እንደዚያው። እትዬ ዘውዴ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ያዩናል።

«እንደዚህ የምትዋደዱ አይመስለኝም ነበር» አሉ።

«ነገ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ ጋሽ ደምሌ ትንፋሻቸውን ሰብስበው።

«ነገ እረፍት ነኝ። ልብስ አጥባለሁ። እርስዎስ ጋሼ?»

«ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጥቼ መተኛት ነው። እስቲ ይህቺን አይብ ቅመሻት።»

ወደ ደባርቅ የሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ቀበቶዬን ፈታሁ። የሄድኩት ሰው ላከብድ ነበር፤ የተመለስኩት ራሴ ከብጄ ነው። እንዲያም ሆኖ ባዶ እጄን አልነበርኩም። መንገዱን ሙሉ ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ፣ ረጅም። ጽፌ አልላክሁትም፤ በአንድ ጣት ብቻ ነክቼ እንድልከው አድርጌ አስቀመጥኩት።

እሁድ አሥር ሰዓት ላይ አርባ ሰዎች ተሰለፍን። ማሩ ወጥ ቤቱን ለረዳቱ ጥሎ ከጀርባዬ ቆሟል። ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቷል፤ ማሽኑን ከሎጁ የሶላር ባትሪ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ ኢንተርኔቱ በስልኬ ነው። መብራት ቢሄድ ሉካ ይጠፋሉ፣ እኔ እቀጥላለሁ። እንዲያውም ይሂድልኝ ብዬ ተስዬ ነበር ማለት ይቻላል።

ተጀመረ። እንደ ድሮዬ ቢሆን ገና ከጅምሩ ፊት ወጥቼ ሁሉንም እጎትት ነበር። እግሬ ይበላኛል። «ቁጭ በይ» አለ ማሩ። ቁጭ አልኩ። ሰው ማየት ጀመርኩ። አንዱ ጀርመን በየትንሿ ዳገት ቁጥሩን ያስጮኻል፤ ይህ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል አልኩ፣ አለቀም። አንዲት ሆላንዳዊት ቁጥሯ እንደ ሰዓት ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ያለ ሰው እርጋታውን ሲነኩበት ይረበሻል፤ ሁለቴ ፈጠን ዘገየት ብልባት ወደ ኋላ ቀረች። አምስት ዓመት ሙሉ የት ነበር ይህ ሁሉ ያልኩት ያኔ ነው። ሰዎቹ ሁሌም እዚያው ነበሩ፤ የተደፋው የእኔ አንገት ነው።

ሊያልቅ ስምንት ኪሎ ሜትር ሲቀር የሎጁ ፍሪጅ ድምፅ ቆመ።

«ሄደ» አለ ማሩ።

ፈገግ ብዬ የሉካ ስም ከስክሪኑ እስኪደበዝዝ ጠበቅሁ። አምስት ሰከንድ ሆነ። አሥር። ሃያ። ሉካ ከጀርባዬ ተጠልለው እየመጡ ነው።

«ኧረ ሽማግሌው» አለ ማሩ። «እሱም ባትሪ ሰክቷል።»

ሌላ መውጫ አልነበረም፤ በእግር ብቻ ልንተያይ ነው። የመጨረሻው ዳገት ላይ አራት ሆነን ቀረን፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀር ሁለት። ቡይት ራስ ከዳባት ከፍ ትላለች፤ አየሩ ይሳሳል፤ ሳንባዬ እንደ ወናፍ ይነፋል። የትናንቱ አይብ ደግሞ ደረቴ ድረስ መጥቷል። የሚያጽናናኝ ነገር የእሳቸውም እዚያው መድረሱን ማወቄ ነው።

ሉካ ተነሡ። አልተነሣሁም። ሰባት ሰከንድ ቆይተው ተቀመጡ። እንደገና ተነሡ። እጄ ላብ በላብ ሆኖ መሪው ያዳልጠኛል፤ ሆኖም ንቅንቅ አላልኩም። ተቀመጡ። ስልኬ ጮኸች።

«ሃይ ኢንግሪድ፣ ሃው አር ዩ?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዳገቱ ይልቅ ይህን አለመመለስ ከበደኝ። እናቴ ብታይ ምን ትለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ጣቴን ዘርግቼ የትናንቷን መልእክት ላክኋት።

«ጋሽ ደምሌ እንደምን ዋሉ? እትዬ ዘውዴስ ደህና ናቸው? ሰላም ይበሉልኝ። ልጅዎስ ደወለች? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መጡ? እንቅልፉስ እንዴት ነበር? እትዬ ዘውዴን የትናንቱ ወጥ እጅዎ ይባረክ ብላለች ይበሉልኝ።»

ሉካ ለሦስተኛ ጊዜ ሊነሡ ብድግ ብለው ነበር። ቁጥራቸው ስድስት መቶ ደርሷል። ከዚያ አምስት መቶ ሆነ። ከዚያ ሁለት መቶ።

«ቆመ» አለ ማሩ። «የሺ፣ ሰውዬው ቆመ። ሂጂ።»

ሄድኩ። አንገቴን ሳልደፋ፣ ጀርባዬን እያየሁ ሄድኩ። መስመሩን ስረግጥ ሉካ አርባ ሜትር ከኋላዬ ነበሩ። ማሩ ሽርጡን ወደ ላይ ወረወረው፤ እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ እንደገና አለቀስኩ። ቆይቼ ነው ስልኬን ያነሣሁት። መልሱ መጥቷል።

«እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘውዴም ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች። ልጃችን ትናንት ማታ ደውላ ነበር። ጉልበቴ ተሽሎኛል። ወጡን አሜን ብላለች። አንቺስ እንደምን ዋልሽ፣ የሺዬ?»

ሁለቴ አነበብኩት። ስሜን ባልጽፍም ወጡ እንደሚያጋልጠኝ አውቄያለሁ፤ የመገረም ቃል ግን አንድም አልነበረበትም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ዳባት ወረድኩ። ጋሽ ደምሌ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። «እንደምን አደሩ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ያንቺን ሰላምታ ፈርቼዋለሁ» አሉ። «ቁጭ በይ።»

«እኔ መሆኔን መቼ አወቁ?»

«ገና በመጀመሪያው እሁድ። ሃው አር ዩ የምላት ነገር የእኔ ወጥመድ ናት። ለሁሉም ነው የምልካት፤ የሰው ሐሳብ ለአፍታ ትበትናለች። ፈረንጅ ግን ዞር ብሎም አያያት። የምትመልስ አንዲት ስዊድን ብቻ ተገኘች፤ እጇን ከመሪው አንሥታ፣ ኤንድ ዩ ብላ ጭምር። ይህቺ የእኛ አገር ሰው ናት አልኩ። ከዚያ ስትጋልብ አየኋት። አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ትጎትታለች። እንዲህ የምታደርግ ሴት በዚህ አገር አንድ ብቻ ነው የማውቀው።»

ፊቴ ቀላ። እኔ ረቡዕና ዓርባቸውን፣ መብራታቸውን ስሰልል፣ እሳቸው እኔን በጉድለቴ ለይተውኛል።

«ታዲያ ያለፈው ቅዳሜ ያ ሁሉ ጉርሻ?»

«አንቺ ነሽ የጀመርሽው።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። ይህ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ሲበላኝ ነበር። «አውቀው ነው የለቀቁልኝ?»

ጋሽ ደምሌ ወደ ተራራው እያዩ ድምፃቸውን ከበድ አደረጉ። «እንግዲህ፣ አሰልጣኝ አባት ነው። ብስክሌቷን እኔ ባገኛትም ኖሮ ዞሮ ዞሮ ላንቺ ነበር የምትሆነው።»

«አትመኚው» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። እትዬ ዘውዴ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ናቸው። «ሸጦ ጊደር ሊገዛባት ነበር፤ ጊደሯን ሁሉ መርጦ ጨርሷል። ያን ቀን መልእክትሽ ሲመጣ ከጀርባው ቆሜያለሁ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ቆይ ዘውዴ፣ ከጨረስኩ በኋላ አለኝ። ልጅቷ ጉልበትህን ስትጠይቅህ ቆይ ትላለህ? ብዬ ትከሻውን ያዝኩት። እያንዳንዷን ራሴ እየነገርኩ ነው ያጻፍኩት።»

«ይኸውልሽ» አሉ ጋሽ ደምሌ፤ ከዚያ ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ሲስቁ እስከ ሳል ደረሱ። ሳላቸው ሲያቆም ዓይናቸውን ጠርገው፣ «እኔን ሳይሆን ዘውዴን ነው ያየሻት፤ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲህ ዓይን አውጥተሻል» አሉ። ከዚህ ሌላ ምስጋና አልፈለግሁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የእኔን ተንኮል ወስዳችሁ ሽማግሌ ላይ እንድትሠሩበት አይደለም የጻፍኩት። ብትሠሩበትም አልፈርድባችሁም። እኔ አምስት ዓመት የተናደድኩት እውነት በነገረኝ ሰው ላይ ነበር፤ ይህን ለማወቅ ስዊድናዊት መሆን ነበረብኝ። አሁን ሎጁ ላይም ሆነ መንገድ ላይ ሰው ሲያናግረኝ ቀና እላለሁ። ማን ከጀርባው እንደቆመ፣ ምን እንደሚከብደው፣ ምንን ዝም ብሎ ማለፍ እንደማይችል አያለሁ። ሰውን ለማሸነፍ የሚያስፈልገውና ሰውን ለመውደድ የሚያስፈልገው ነገር አንድ ዓይነት መሆኑ ገርሞኛል፤ እናንተን አይገርማችሁ ይሆናል።

ብስክሌቷ በወሯ መጣች፤ ሰማያዊ ናት። ጋሽ ደምሌም ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው በሚኒባስ እየመጡ፣ ፊሽካቸውን አንጠልጥለው ከደባርቅ መውጫ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያሠለጥኑኝ ጀመር። ጓዳቸው ውስጥ ሉካ አሁንም ቀይ ማልያውን ለብሶ ሰው ያስለቅሳል አሉ።

ጎንደር ላይ የፈተናው ቀን ሃያ ሦስት ሴቶች ተሰለፍን፤ የሚወሰዱት አምስት ናቸው። መጨረሻው ሦስት መቶ ሜትር ላይ አምስተኛዋንና ስድስተኛዋን መለየት አይቻልም፤ ከሁለቱ አንዷ እኔ ነኝ። አንገቴ ቀና ነው፣ ከጎኔ ያለችው ልጅ ትንፋሽ ይሰማኛል። በዚያች ሰዓት ከመንገዱ ዳር፣ ከሕዝቡ መሐል አንድ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«የሺዬ! እንደምን አለሽ?»

ከጎኔ ያለችው ልጅ ዞር አለች። እኔ አልዞርኩም። ጥርሴን ነክሼ፣ ሰላምታውን አንጠልጥዬ፣ መስመሩን አለፍኩ። አምስተኛ።

ከዚያ ፍሬን ይዤ ዞርኩ። ሦስት መቶውን ሜትር ወደ ኋላ ነድቼ እሳቸውና እትዬ ዘውዴ የቆሙበት ደረስኩና ከብስክሌቷ ወረድኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ጋሼ» አልኳቸው። «እርስዎስ?»